ሚኒስትሩን አወረዱ፤ ነዳጁን ግን አላስቆሙም

(በአውሮፓ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የአውሮፓ መንግሥታት በሰው አገር ጦርነት ላይ የሚይዙትን አቋም በመቃወም ዛሬም ሕዝብ አደባባይ ይወጣል። እኛም ወጥተናል፤ በብርድ ቆመን ጮኸናል። ታዲያ «ጩኸታችን ምን አመጣ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። መልሱን ከገዛ ታሪካችን ላቅርብላችሁ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1935 ነው። ጣሊያን ጦሯን በምጽዋ በኩል ስታራግፍ፣ እንግሊዝ አገር በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሕዝቡን ድምፅ ሰበሰቡ። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰ። ከ10 ሚሊዮን የሚበልጠው ወራሪ በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይቀጣ አለ። ጦርነቱ ኦክቶበር 3 ቀን ተጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦልድዊንም የሕዝቡን ስሜት አይቶ፣ ከመንግሥታቱ ማኅበር ጎን እቆማለሁ እያለ ለኖቬምበሩ ምርጫ ቀሰቀሰ፤ አሸነፈም።

ወር ሳይሞላ ጉድ ፈላ። ዲሴምበር 8 ቀን የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ አገራችንን ሸነሸኗት። ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣሊያን፤ ደቡቡ የጣሊያን የኢኮኖሚ ክልል፤ ለእኛ ወደ ባሕር የምታወጣ አንዲት ቀጭን መንገድ። ይህንንም የሰላም ዕቅድ አሉት። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል ይባል የለ!

ምሥጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች አፈተለከ። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ። ለፓርላማ አባላት የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። ታይምስ ጋዜጣ ያችን መንገድ «የግመሎች መተላለፊያ» ሲል ተሳለቀባት። ዲሴምበር 18 ቀን ሆር ከሥልጣን ወረደ፤ ዕቅዱም ተቀበረ። በጃንዋሪ 1936 ላቫልም ተከተለው።

ሕዝቡ «እሰይ!» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሙሶሊኒን ጦር የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ከኖቬምበር 18 ጀምሮ ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅን አልነካም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። ሙሶሊኒ ራሱ፣ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ኋላ ለሂትለር መናገሩን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል። እንግዲህ ያ ሁሉ ደብዳቤ ለነዳጁ ጊዜ የት ገባ?

ውጤቱን እናውቀዋለን። በገበሬው ላይ የመርዝ ጋዝ ዘነበ። ሜይ 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ ተያዘች። ጁን ሲገባ ሆር ተመልሶ ሚኒስትር ሆነ፤ ያውም የባሕር ኃይል! በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ አቤት አሉ። መልሱ ምን ሆነ? በጁላይ ማዕቀቡን አነሱት።

አንዲት እንግሊዛዊት ግን ወደ ቤታቸው አልገቡም። ሲልቪያ ፓንክኸርስት አዲስ አበባ በወደቀችበት ወር ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመሩ። ዓለም ሲረሳን እሳቸው ሳምንት በሳምንት፣ ለሃያ ዓመት አሳተሙ። አጽማቸው ዛሬ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ማረፉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወገኖቼ፣ የሕዝብ ቁጣ በአሥር ቀን ሚኒስትር አውርዷል እኮ! ጉልበቱን አንናቅ። ግን ምን እንደምንጠይቅ እንወቅ። «ጦርነቱ ይቁም» ማለት መልካም ነው፤ የትኛው ጭነት ይቁም? የትኛው ብድር? የትኛው የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ? የመረጥነው ተወካይ መቼ፣ በምን ጉዳይ ላይ እጁን ያወጣል? ይህን ጽፈን እንያዝ። ባለሥልጣኑ ቢያዝንልን፣ ቢለወጥም፣ የጻፍነው እስኪፈጸም ከደጁ አንነሳ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል አባቶቻችን። አንበሳው እስኪታሰር ድሩን የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል።