በጥርጊያ መሬት የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ስለ መጀመር



እ.ኤ.አ. በ1953 በምሥራቅ አፍሪካ የተጀመረው የሳፋሪ ውድድር ዝናው እኛም ዘንድ ደርሷል። የሐይቅ ወጣቶች ስለ አጀማመሩ ሲጠይቁኝ፣ አስቀድሜ የምነግራቸው ስለ ሞተር ጉልበት ሳይሆን ስለ ፍሬን ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጠጠርና አቧራ ደግሞ ጎማው መሬት የመያዝ ኃይሉን ይቀንሱበታል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው።

እኔ ይህን ችላ ብዬ በአምባሰል ቁልቁለት ከመንገድ ወጣሁ፤ መኪናዬ የቆመችው አንድ እረኛ ልጅ ዘንድ ለመድረስ ጥቂት ክንድ ሲቀራት ነበር። ከዚያ ወዲህ በታጠረ ሜዳ፣ የራስ ቁርና ቀበቶ ሳይጓደል ካልሆነ በቀር አልሽቀዳደምም። የሕዝቡ መንገድ የገበያተኛውና የእረኛው ነው፤ ጀማሪው አስቀድሞ ሜዳ ይፈልግ።