ጎንበስ ማለትና ማነስ አንድ አይደሉም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አውሮፓ ነገሥታት ነው፤ በተለይም በቤተ መንግሥታቸው ማን ለማን እጅ እንደሚነሳ። «እኛንና የእንግሊዝን ንጉሥ ምን አገናኘን?» የሚል እንደሚኖር አላጣነውም። ነገር ግን በየቤታችን አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ወላጆች «ልጆቻችን ሰላምታ ጠፋባቸው፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ አይሉም፤ አንገታቸውን አይሰብሩም» ይላሉ። ወጣቶች ደግሞ «እዚህ አገር ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ለምን እናጎነብሳለን?» እንላለን። ስለዚህ ጎንበስ ማለትን በማዕረግና በልክ ይዘው እስከ ዛሬ ያቆዩትን ሰዎች ብናያቸው ለሁለታችንም ይጠቅመናል ብለን አሰብን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አደራረጉን እንንገራችሁ። በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ወንድ ንጉሡን ሲያገኝ ከወገቡ አያጎነብስም። ከአንገቱ ብቻ ነው፤ ራሱን አንዴ ዝቅ አድርጎ ቀና ይላል፣ በቃ። ሴት ደግሞ አንዱን እግሯን ከሌላው ኋላ ታደርግና ጀርባዋን ሳታጎብጥ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ትነሳለች። ይህንን «ከርትሲ» ይሉታል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ በረጅም ቀሚስና በባለ ተረከዝ ጫማ ሲሆን ግን ልምምድ ይጠይቃል። ከዚያ ንጉሡን መጀመሪያ «ግርማዊነትዎ» ብሎ መጥራት፣ ቀጥሎ «ጌታዬ» እያሉ መናገር ነው። ሁሉም ነገር ሁለት ሰከንድ አይሞላም። መሬት መሳም የለም፣ መንበርከክ የለም።

ታዲያ ማን ለማን ነው እጅ የሚነሳው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። እጅ የሚነሳው እንግዳና ተራ ሰው ብቻ ይመስለን ነበር። እንደሱ አይደለም። ቤተሰቡ ራሱ እርስ በርሱ እጅ ይነሳሳል። ቻርልስ ገና ልዑል ሳሉ እናታቸውን ዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥን በአደባባይ ሲያገኙ ጉንጫቸውን ይስሙ ነበር፤ አንገታቸውንም ዝቅ ያደርጉ ነበር። አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለዘውዱ ማለት ነው።

የልዑል ሃሪ ባለቤት ሜጋን አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት። በ2021 ለኦፕራ ዊንፍሪ በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ ይህ እጅ መንሳት በአደባባይ ለሕዝብ የሚታይ ሥርዓት ብቻ እንጂ በቤት ውስጥ ያለ እንዳልመሰላት ተናግራለች። ንግሥቲቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታገኝ ስትሄድ ሃሪ «እጅ መንሳት ታውቂያለሽ ወይ» ሲላት፣ አያትህ አይደሉም እንዴ ብላ ደነገጠች። እሱም ንግሥት ናቸው አላት። እዚያው በር ላይ ተለማምዳ ገባች። አያትም ናቸው፣ ንግሥትም ናቸው። የዚያ ቤት ልጆች ሁለቱን ለይተው ያድጋሉ።

ስለዚህ አክብሮቱ ለሰውየው ሳይሆን ለዙፋኑ ነው። ይህንን በደንብ የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ። በ1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ሲጭኑ ባለቤታቸው ልዑል ፊሊፕ በሚስታቸው ፊት ተንበርክከው ታማኝነታቸውን ገለጹ፤ ከዚያ ተነሥተው ጉንጫቸውን ሳሙ። ባል ለሚስቱ ተንበረከከ፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን ባልና ሚስት ናቸው። ሁለተኛው የሆላንድ ታሪክ ነው። በ2013 ንግሥት ቤአትሪክስ በ75 ዓመታቸው አምስተርዳም በሚገኘው ቤተ መንግሥት ከዙፋን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ሰነድ ፈረሙ። የፈረሙበት ቀለም ሳይደርቅ ልጃቸው ዊለም-አሌክሳንደር ንጉሥ ሆነ፣ እናትየው ደግሞ «ልዕልት» ወደሚለው የቀድሞ ማዕረጋቸው ተመለሱ። ማዕረጉ ከሰውየው ጋር አይሄድም፤ ከወንበሩ ጋር ይቀራል።

ነገሥታቱ እርስ በርስ ሲገናኙስ? እኩል ከእኩል ስለሆኑ አንዱ ከሌላው በታች ሆኖ እጅ አይነሳም። ይልቁንም ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። ደግሞም ዘመዳሞች ናቸው። የእንግሊዙ ቻርልስ፣ የኖርዌዩ ሃራልድ፣ የስዊድኑ ካርል ጉስታፍ፣ የስፔኑ ፌሊፔ፣ በ2024 ከዙፋን የወረዱት የዴንማርኳ ማርግሬቴ፣ ሁሉም በ1901 ከሞቱት ከንግሥት ቪክቶሪያ ይወለዳሉ። ዘር እንቆጥራለን ለምንለው ለእኛ ይህ አያስቸግረንም፤ ሰባት ቤት መቁጠር እናውቃለን።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ እንምጣ። «ግዴታ ነው ወይ?» አይደለም። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ራሱ፣ ንጉሣዊውን ቤተሰብ ለሚያገኝ ሰው ግዴታ የሆነ ሥርዓት እንደሌለ ይናገራል። የፈለገ በልማዱ እጅ ይነሳል፣ የፈለገ ይጨብጣል። በ2011 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጁሊያ ጊላርድ ንግሥቲቱን ሲቀበሉ ጉልበታቸውን ሸብረክ አላደረጉም፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ጨበጡ። ጋዜጦች ብዙ አወሩ፤ የደረሰባቸው ቅጣት ግን የለም። በተቃራኒው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዛ ሜይ በጣም ዝቅ ብለው እጅ በመንሳት ይታወቁ ነበር። በ2018 ፈረንሳይ አገር ለልዑል ዊልያም እንዲያ ሲያደርጉ ፎቶግራፋቸው ዓለምን ዞሮ ብዙ ተቀለደበት። አንዷ «አነሰ» ተባሉ፣ አንዷ «በዛ» ተባሉ። ሁለቱም ግን የመሰላቸውን አደረጉ።

ስፖርት የምትወዱ ደግሞ ይህን ስሙ። በዊምብልደን ሜዳ ተጫዋቾች ሲገቡና ሲወጡ ንጉሣውያኑ ወደሚቀመጡበት ሰገነት ዞረው እጅ መንሳት ነበረባቸው። በ2003 ይህ ልማድ ቀረ፤ ንግሥቲቱ ወይም አልጋ ወራሹ ከተገኙ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በ2010 ንግሥቲቱ ከ33 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ አንዲ መሪና ተጋጣሚው ጎን ለጎን ቆመው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። በየቀኑ ሲደረግ ማንም ልብ የማይለው ነገር፣ ሲቀንስ ክብሩ ጨመረ። በ2023 ንጉሥ ቻርልስ ዘውድ ሲጭኑም እንዲሁ፣ ድሮ መሳፍንቱ ተራ በተራ እየተንበረከኩ የሚያደርጉት ቀርቶ ከቤተሰቡ የተንበረከኩት ልጃቸው ዊልያም ብቻ ነበሩ። ሕዝቡም በየቤቱ ሆኖ የታማኝነት ቃል እንዲል የታሰበው ብዙ ሰው ሲቃወመው ቃሉ ለዘበና «የፈለገ» ሆነ።

እስካሁን የነገርናችሁ የበታቹ ለበላዩ የሚያደርገውን ነው። እኛን ይበልጥ የነካን ግን የበላዩ ዝቅ ያለበት ጊዜ ነው።

ልዕልት ዲያና በ1996 ከባለቤታቸው ሲፋቱ «ንጉሣዊት ልዕልናዎ» የሚለውን መጠሪያ አጡ። በማዕረግ ዝቅ አሉ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ። በሴፕቴምበር 6፣ 1997 አስከሬናቸው በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በኩል ሲያልፍ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከቤተሰባቸው ጋር ደጅ ወጥተው ቆመው ነበር። ሳጥኑ ፊት ለፊታቸው ሲደርስ ንግሥቲቱ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁሉም እጅ የሚነሣቸው ሰው፣ ማዕረጓን ላጣች ምራት እጅ ነሡ። በሐዘንና በቁጣ ላይ የነበረ ሕዝብ ያንን አየ።

ሁለተኛው በ2011 ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ ሄዱ፤ አገሪቱ ነፃ ከወጣች ወዲህ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ዘውድ ጉብኝት ነበር። በደብሊን አንድ የመታሰቢያ ሥፍራ አለ፤ ለአየርላንድ ነፃነት ሲዋጉ ለሞቱ ሰዎች የተሠራ ነው። ሲዋጉ የነበሩት ከማን ጋር ነው? ከእንግሊዝ ጋር። ንግሥቲቱ የአበባ ጉንጉን አስቀመጡና አንገታቸውን ደፉ። ረጅም ንግግር ያላደረገውን ያቺ አንዲት እንቅስቃሴ አደረገች። ያ አንገት መድፋት ሽንፈት ነው ያለ ሰው አልሰማንም።

ሦስተኛው አጭር ነው። በ2022 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲሞቱ ልጃቸው ልዕልት አን፣ የ72 ዓመት ሴት፣ ከአስከሬኑ ጋር በስኮትላንድ መንገድ ተጓዙ። ኤዲንብራ ደርሰው ሳጥኑ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲገባ አን ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው እጅ ነሱ። የሚያዛቸው አልነበረም። እናትየው አያዩም። ታዲያ ለምን አደረጉት? የእውነት ስለሆነ ነዋ።

ወገኖቻችን፣ ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዓላችን ራሱ ስሙ ሲግድ ነው፤ ስግደት ማለት ነው። አባቶቻችን ተራራ ወጥተው የሰገዱት ለፈጣሪ ነው፣ ፊታቸውንም ያዞሩት ወደ ኢየሩሳሌም ነው። በአማርኛችን ለፈጣሪ የሚደረገው «ስግደት» ነው፤ ለሰው የሚደረገው «እጅ መንሳት» ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉም። መርዶክዮስ ለሐማ አልሰግድም ያለው አክብሮት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሐማ የፈለገው ከልክ ያለፈ ስለሆነ ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ግን እናቱ ቤርሳቤህ ስትመጣ ከዙፋኑ ተነሥቶ ሰገደላት፣ በቀኙም ወንበር አስቀመጠላት። ይህ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። እዚህ አገር በትምህርት ቤት እንደተማርነውም፣ የታልሙድ ሊቃውንት በዓሚዳ ጸሎት ተራው ሰው ጥቂት ጊዜ፣ ሊቀ ካህኑ ከሱ በላይ፣ ንጉሥ ደግሞ ከሁሉም በላይ እንዲያጎነብስ አስተምረዋል። ሰው ከፍ ባለ ቁጥር አንገቱን ማጠፍ ይጨምራል ማለት ነው።

አሁን ለወጣቶች የምንለው ይህ ነው። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ዓይናችንን ስንሰብር «በራሱ አይተማመንም» ሊሉን ይችላሉ። እዚያ ቀና ብለን ዓይን ለዓይን እንይ፤ የቦታው ሥርዓት ነው። ቄሱ ጋ ወይም አያታችን ጋ ስንደርስ ደግሞ ጎንበስ እንበል፤ ያም የቦታው ሥርዓት ነው። ልዕልቷ ሁለቱን በአንድ ቀን ካደረገች እኛም እንችላለን። ስናደርገው ግን ሰው አንገታችንን ጨብጦ እንደገፋን አይሁን። ሁለት ሰከንድ ነው፤ ከልብ እናድርገው።

ለወላጆቻችንም በትሕትና የምንለው አለን። «ተነሣ! ሳም! ጎንበስ በል!» ብቻ አትበሉን። እኚህ ሰው ማን እንደሆኑ፣ በሱዳን በኩል ስንት ቀን በእግር እንደሄዱ፣ ማንን ቀብረው እንደመጡ ንገሩን። ያን ጊዜ ሳታዙን ብድግ እንላለን። ደግሞም አንድ ነገር አትርሱ፤ ልጁ አንድ ቀን ሲጎዳ፣ ወይ ትልቅ ነገር ሠርቶ ሲመጣ፣ ከወንበር ተነሥቶ የሚቀበለው ትልቅ ሰው ካገኘ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ሰሎሞን ለእናቱ ተነሣ፣ ንግሥቲቱ ለምራታቸው ዝቅ አሉ። አክብሮት ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ይደክማል፤ ከላይም ወደ ታች ሲመጣ ነው ቤት የሚቆመው።