ሰማዩ ሲያጉረመርም
(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ዝናብን አውርዶ የደረቀችን ምድር ሕያው ለሚያደርገው አላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን! ዛሬ ይዘናችሁ የምንሄደው ወደ ኢሉባቦር ነው። ኖፓን፣ መቱንና ጎሬን የሚያውቅ ሰው በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን አይረሳም። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል። ወደ ዙሁር ሲቃረብ ግን አየሩ ይታፈናል፤ ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ተዳምሮ ልብስን ከገላ ያጣብቃል። ዙሁር ተሰግዶ ሲያበቃ ነጫጭ ደመናዎች ከጫካው በላይ እንደ ተራራ ተቆልለው ይጠቁራሉ። የዐስር አዛን ሳይደርስ ሰማዩ ማጉረምረም ይጀምራል።

ከዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ ተዕዚያ ደርሰን ነበር። ሟቹ ከገበያ ሲመለስ ዝናብ ያዘውና አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ተጠለለ፤ መብረቅም እዚያው አገኘው። ሚስቱ ልጆቿን አቅፋ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» ሲል ሰማን። እሷም ሰማች። እኛ ግን ያን ዕለት ዝም አልን። የዛሬው ንግግራችን ያን ዝምታ ለመካስ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሀገራችን ሁሉ ረጅሙን የዝናብ ወቅት የሚያገኝ አካባቢ ነው። ዝናቡ በየካቲት ወይም በመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አዲስ አበባ የምታገኘው ከ1,200 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጫካው፣ ቡናው፣ ማሩ፣ የሶርና የገባ ወንዞች፣ ጋምቤላ ድረስ የሚወርደው ባሮም ጭምር የዚህ ዝናብ ውጤቶች ናቸው። እንግዲህ ደመናው ጠላታችን አይደለም፤ ሲሳያችንን ተሸክሞ የሚመጣ የአላህ ራሕመት ነው።

ፀሐይ እርጥቡን መሬት ስታሞቀው እርጥበት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ደመና ይሆናል። በደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ኃይል ይከማቻል፤ ሲበዛም ወደ ምድር ይፈነጥቃል። ብልጭታው የሚያልፍበት አየር በቅጽበት ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይግላል። ይህም ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ነው። አየሩ በድንገት ሲለጠጥ የምንሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። ሱብሐነላህ! 13ኛው የቁርኣን ሱራ ስሙ አር-ረዕድ፣ ማለትም ነጎድጓድ ነው፤ ነጎድጓድም ጌታውን እንደሚያጠራ ያስተምረናል። አሠራሩን ማወቃችን ኢማናችንን ያጠነክረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ታዲያ በመብረቅ የሞተን ሰው ኃጢአተኛ ነበር ብሎ መፍረድ የማን ሥልጣን ነው? መብረቅ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከፍ ባለ ነገር ላይ ነው። ዛፉ ሥር ደጉም ክፉውም ሊቆም ይችላል። የባሪያውን ውስጥ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ዱዓ ማድረግና የየቲሞቹን ቤት መጠየቅ ነው።

«የአላህ ውሳኔ ከሆነ መጠንቀቁ ምን ይረባል?» የሚልም አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ለፈለገው ሰው መጀመሪያ እንዲያስር ነግረውታል። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ሰበቡ ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም።

ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ። በየ3 ሴኮንዱ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትደርሱ ከሰማችሁ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነውና ወደ ቤት ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ቀፎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ የወጣ ይውረድ፤ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከሜዳና ከኮረብታ ጫፍ ይራቁ፤ ወንዝ ውስጥ ያለ ይውጣ። በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ጥሩ መጠለያ ነው፤ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ግን አይደሉም። ቤት ውስጥም ቴሌቪዥኑን ሰማዩ ሳይቀርብ ከሶኬት ንቀሉት፤ ከግድግዳና ከሽቦ ራቁ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል የሚባለው መሠረት የለውም። ልጁ ቀዩን ሹራብ አውልቆ ዛፍ ሥር ቢቆም አልዳነም።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችም አንድ አደራ አለን። ሚናራችን ከሰፈሩ ሁሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወርደው ሽቦም ሙአዚኑ እጅ ላይ ያለው ማይክሮፎን ድረስ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1752 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያስተዋወቀው የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ዛሬም ያው ነው፤ ጫፉ ከሚናራው በላይ የቆመ፣ በወፍራም የመዳብ ሽቦ እስከ መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት። ለምንጣፍ እንደምናዋጣው ለዚህም እናዋጣ። ባለሙያ ይሥራው። እስከዚያው ሙአዚኑ ሰማዩ በሚጮህበት ሰዓት ያለ ማይክሮፎን አዛን ቢያደርግ ምንም አይጎድልበትም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ብርድና ዝናብ በበረታ ሌሊት ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ በአዛን ይነገራቸው ነበር። ዲናችን ገር ነው።

ሰው ከተመታ ደግሞ አትፍሩት። ገላው ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ጭቃ ውስጥ እንቅበረው፣ ወተት እናፍስበት የሚለው ጊዜ ያባክናል እንጂ አያድንም። መብረቅ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ልብንና ትንፋሽን በማቆም ነው። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ በደንብ ጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይሁን። የሚችል ሰው አፍ ለአፍ ይተንፍስለት። ሌላው ሰው መኪና ይፈልግ፤ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ አታቋርጡ። አንዲትን ነፍስ ማዳን በእስልምና ምን ያህል ክብር እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን።

አድማጮቻችን! ያቺን እናት ዛሬ ብናገኛት የምንላት አለን፦ እማማ፣ ባለቤትዎ ዝናብ የሸሸ መንገደኛ ነበር፤ ዛፉ አደገኛ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። ጥፋት ካለ፣ እያወቅን ያልተናገርነው የእኛ ነው። ስለዚህ የሰማችሁ ላልሰማ አድርሱ፤ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ሴኮንድ መቁጠሩን አስተምሯቸው።

አላህ ዝናባችንን የራሕመት ያድርግልን፤ በመብረቅ የተለዩንን ይማርልን፤ ቤተሰቦቻቸውን ያጽናልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።