መሪው ሲዛወር ምን ይዛወራል? ስለ ጥንታዊ የስፖርት መኪናዎችና ስለ መሐንዲስ ኃላፊነት የቀረበ ሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲታይ የባለጸጎች መዝናኛ ይመስላል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠራች የስፖርት መኪና መሪዋ በግራ ነው፤ ባለቤቷ ወደ ቀኝ ሊያዛውረው ይፈልጋል። ነገሩ የጋራዥ ሥራ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሆኖም በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ከባድ ጥያቄዎች ተሸሽገዋል። አንደኛው የጂኦሜትሪ ጥያቄ ነው፤ ግራ የሆነ ነገር ቀኝ ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው? ሁለተኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው፤ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ክፍል ቆርጦ የሚቀጥል ባለሙያ ምን ማወቅ ይገባዋል? ሦስተኛው የቅርስ ጥያቄ ነው፤ ከተለወጠች በኋላ መኪናዋ ያችው መኪና ናትን? ሦስቱን በየተራ እንመለከታለን።

በቅድሚያ እነዚህ መኪናዎች ከቤታቸው እንዴት እንደራቁ እንይ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ የውጭ ምንዛሪ እጅግ ያስፈልጋት ነበር፤ ስለሆነም ፋብሪካዎቿ ምርታቸውን ወደ ውጭ እንዲልኩ ትገፋፋ ነበር። ለስፖርት መኪና ትልቁ ገበያ አሜሪካ ሆነ። ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከ500,000 በላይ የተመረተችው ኤምጂ ቢ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ አውደ ርእይ ለዓለም የታየችው ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ እንዲሁም ኦስቲን-ሂሊ 3000 ከምርታቸው አብዛኛው ባሕር ተሻግሯል። አሜሪካ በቀኝ የሚነዳ አገር ስለሆነ የተላኩት ሁሉ መሪያቸው በግራ ነበር። ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ሰብሳቢዎች ፊታቸውን ወደዚያ መለሱ። በእንግሊዝ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናን ላሜራ ሲበላ፣ እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ደረቅ ስፍራዎች የኖሩት አካላቸው ደህና ሆኖ ቆይቷል። መኪናዎቹ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ ግን መሪያቸው ከአገሩ መንገድ ጋር አልገጥም አለ።

መሪው በየትኛውም ወገን ቢሆን ልዩነቱ ምንድን ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በግራ በሚነዳ አገር መሪው በግራ የሆነ መኪና የሚነዳ ሰው የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲያስብ ከወዲያ የሚመጣውን ማየት የሚችለው፣ የመኪናውን ግማሽ አካል ወደ መሐል ካወጣ በኋላ ነው። ማየት ከመድፈር በኋላ ይመጣል ማለት ነው። ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን በሶማሌላንድ ሰዉ በቀኝ እየነዳ፣ ከጃፓን የሚገቡት በርካታ መኪናዎች ግን መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ችግሩ ያው ነው፣ የተገለበጠ ብቻ ነው።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ ጋር ይገናኛል። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተዛወረች። ስዊድን ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው ከእኛ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 ነው። ኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች፤ በሞያሌ ድንበሩን የሚሻገር አሽከርካሪ በአንዲት ቅጽበት የመንገዱን ወገን መለወጥ አለበት። እንግዲህ «ትክክለኛው ወገን» የሚባለው በተፈጥሮ የተሰጠ ሕግ ሳይሆን የስምምነት ጉዳይ ነው። የጣሊያኑ ላንቺያ አገሩ በቀኝ እየነዳ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ መሪውን በቀኝ ያደርግ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ስምምነት ቢሆንም ግን ብረቱ ስምምነቱን ተከትሎ ተቀርጿል፤ ችግራችንም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ጂኦሜትሪው እንግባ። የብዙዎቹ የ1960ዎቹ ስፖርት መኪናዎች መሪ የሚሠራው በባለጥርስ ዘንግና በፒኞን ነው። ዘንጉ በመኪናው ወርድ አግድም ይተኛል፤ ከመሪው የሚመጣው አምድ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጥርስ፣ ማለትም ፒኞኗ፣ ስትዞር ዘንጉን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትገፋዋለች፤ ዘንጉም ጎማዎቹን ያዞራል። ፒኞኗ ያለችው ከመሐል ሳይሆን ወደ ነጂው ወገን ነው። አንድ ጀማሪ ይህን ሲያይ «ዘንጉን ገልብጬ ብገጥመው ፒኞኗ ወደ ቀኝ ትመጣልኛለች» ብሎ ያስብ ይሆናል።

በአእምሯችሁ ተከተሉኝ። ፒኞኗ ከዘንጉ በላይ ተቀምጣለች እንበል። ነጂው መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር የፒኞኗ የታችኛው ጥርስ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ዘንጉም ወደ ግራ። አሁን ሁሉን ነገር ገልብጡት። ፒኞኗ በእርግጥ ወደ ሌላው ወገን ሄዳለች፤ ነገር ግን ከዘንጉ በታች ሆናለች። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ዘንጉን የሚነካው የላይኛው ጥርሷ ነው፤ እርሱም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ውጤቱ ነጂው ወደ ቀኝ ሲያዞር ወደ ግራ የምትሄድ መኪና ናት። ዘንጉን ሳይገለብጡ የፊቱን ወደ ኋላ ቢያዞሩትስ? ያን ጊዜ የፒኞኗ አንገት ወደ ነጂው መሆኑ ቀርቶ ወደ መኪናው አፍንጫ ይመለከታል።

የዚህ ምክንያት የመካኒኩ ስንፍና አይደለም። ግራ እጃችሁን እንደፈለጋችሁ ብታዞሩት ቀኝ እጅ አይሆንም፤ የግራ ጓንትም ለቀኝ እጅ አይገጥምም። ቀኝን ከግራ የሚያገኘው ነጸብራቅ እንጂ ሽክርክር አይደለም። ስለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ክፍል የመስተዋት ምስል ሆኖ በአዲስ የተሠራ ክፍል ነው። በጠመዝማዛ ጥርስ የሚሠራ የመሪ ማርሽ ሳጥን ባላቸው መኪናዎችም ሕጉ ያው ነው፤ ሳጥኑ በመስተዋት ሲገለበጥ የጠመዝማዛው ጥርስ አቅጣጫ አብሮ መገልበጥ አለበት።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ እውነት አለ። ማሽኑ በመስተዋት ይገለበጣል፤ ሰውየው ግን አይገለበጥም። መሪው በየትኛውም ወገን ቢሆን ፍሪሲዮኑ በግራ፣ ፍሬኑ በመሐል፣ ነዳጅ መስጫው በቀኝ ነው። የማርሹም አቀማመጥ ያው ነው፤ የሚለወጠው ማርሹን የሚይዘው እጅ ነው። እንግዲህ ከመኪናው ክፍሎች ገሚሶቹ እንደ ነጸብራቅ ይገለበጣሉ፣ ገሚሶቹ እንዳሉ ተነሥተው ወደ ጎን ይሻገራሉ፣ ገሚሶቹም ከቦታቸው አይነቃነቁም። የዚህ ሥራ ጥበብ የትኛው ክፍል ከየትኛው መደብ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።

ሞተሩ ከማይነቃነቁት ነው። በኤምጂ ቢ ሞተር ካርቡራተሮቹም የጭስ መውጫውም በግራ በኩል ናቸው። ስለዚህ ለአሜሪካ በተሠራችው መኪና የመሪው አምድ የሚያልፈው በሙቀቱ አጠገብ ነው፤ መሪው ወደ ቀኝ ሲሻገር አምዱ ከሙቀቱ ይርቃል። በሌሎች መኪናዎች ግን ተቃራኒው ሊያጋጥም ይችላል፤ ስለሆነም ኮፋኖውን ከፍቶ በጥንቃቄ ሳይለኩ መቁረጥ መጀመር አይገባም።

አምዱ ቀጥ ብሎ የማያልፍበት ሲሆን ባለሙያው በጋራዦቻችን ክሮቼራ የሚባለውን መገጣጠሚያ ይጠቀማል። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። አንድ ክሮቼራ በማዕዘን ሲሠራ እኩል ፍጥነት አያስተላልፍም። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ቢሆን፣ መሪው በወጥ ፍጥነት እየዞረ የወዲያኛው ዘንግ ፍጥነት በእያንዳንዱ ዙር ከ0.87 እስከ 1.15 እጥፍ ይዋዥቃል። ሁለት ክሮቼራዎች በእኩል ማዕዘን፣ ሹካዎቻቸውም በትክክል ተሰልፈው ከተገጠሙ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስሕተት ያርመዋል። የመሐሉ ዘንግ በሩብ ዙር ተሳስቶ ቢገጠም ግን ስሕተቶቹ ይባዛሉ፤ ውዥቀቱ ከ0.75 እስከ 1.33 ይደርሳል። ነጂው ይህን የሚያውቀው መሪው በአንድ ስፍራ ሲከብደው በሌላው ሲቀልለው ነው፤ ያንንም የሚረዳው መታጠፊያ ላይ ከደረሰ በኋላ ይሆናል።

ፍሬኑም እንዲሁ ነው። ሥራ ለማቅለል ሲባል የፍሬኑን ዋና ፖምፓ በቀድሞ ቦታው ትቶ፣ ከአዲሱ ፔዳል እስከ ፖምፓው በአግድም ዘንግ ማገናኘት የሚመርጡ አሉ። ዘንጉ በቂ ጥንካሬ ከሌለው ሲረገጥ ይጠመዘዛል፤ ፖምፓውን መግፋት የነበረበት ጉልበት ብረት በማጣመም ያልቃል። መሪውንም ከቀድሞው የማርሽ ሳጥን ጋር በሰንሰለት የሚያያይዙ ተገኝተዋል። ሰንሰለት ይረግባል፤ ሲረግብ መሪው ይላላል፤ ከጥርሱ ሲወጣም መሪው ባዶውን ይዞራል። ጠንቃቃ መሐንዲስ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ፊርማውን አያኖርም።

ከዚህ በኋላ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ይከተላሉ። ዝቅ ያለው የፊት መብራት ብርሃኑን ወደ ዳር አንሥቶ እንዲጥል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለቀኝ መንገድ የተሠራው በግራ መንገድ ላይ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያሳውራል። የዝናብ መጥረጊያዎቹ በአዲሱ ነጂ ፊት ያለውን መስተዋት ማጽዳት አለባቸው። የውጭ መመልከቻ መስተዋቱ፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድ፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሁሉ ይከተላል። ጃጓር ኢ-ታይፕን የነደፉት ሰዎች ለዚህ አርቀው አስበው ነበር፤ የአነስተኛ መለኪያዎቹንና የማብሪያ ማጥፊያዎቹን ሰሌዳ በመሐል አድርገው፣ በጎንና በጎን ያሉትን ብቻ እንዲለዋወጡ አድርገዋል። ሁለቱንም ወገን ከመነሻው አስቦ የተነደፈ መኪና ለማዛወር ይቀላል፤ አንዱን ብቻ አስቦ የተነደፈ ግን በየእርምጃው ይታገላል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንሸጋገር። መሪዋ የተዛወረች መኪና ያችው ናትን? የእንግሊዝ የተሽከርካሪ ምዝገባ ሕግ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ለዚህ የሒሳብ መልስ ነበረው። በእጅጉ የተለወጠ መኪና የቀድሞ ሰሌዳ ቁጥሩን ይዞ እንዲቆይ ቢያንስ 8 ነጥብ ማግኘት ነበረበት። ሻንሲው ወይም ዋናው አካሉ 5 ነጥብ፣ ሞተሩ 1፣ ካምቢዮው 2፣ አክሲሎቹ 2፣ የጎማ ተሸካሚው ሥርዓት 2፣ መሪው 2 ይይዙ ነበር። ከድምሩ ከ14 የመሪው 2 ነጥብ ቢጎድል 12 ይቀር ነበር። በዚያ ሕግ ፊት እንግዲህ ያችው መኪና ነበረች።

ታሪክ ግን በነጥብ አይረካም። ባለ 3.8 ሊትሯ ክፍት ኢ-ታይፕ መሪዋ በቀኝ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሯ ከ850001፣ በግራ ከሆነ ደግሞ ከ875001 ይጀምር ነበር። መሪው ወደ የትም ቢሄድ ቁጥሩ የተወለደችበትን ይናገራል። ስለዚህ ማዛወሩ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የተዛወረችውን ከፋብሪካ እንዲህ ወጣች ብሎ መሸጥ ነው።

የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በቶሪኖ ቻርተሩ ለዚህ መርሕ አስቀምጧል። ቻርተሩ አርአያ ያደረገው ሕንጻዎችንና ሐውልቶችን የሚመለከተውን የ1964 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ቻርተር ነው። ፍሬ ነገሩ፣ ለውጥ ግድ ሲሆን ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል ይሁን፣ የተነሡትም ዋና ዋና ክፍሎች ከመኪናው ጋር ይቀመጡ የሚል ነው።

የእኔ አቋም ከዚህ ይነሣል። ብዛት ያላትን፣ በየዕለቱ መንገድ ላይ የምትወጣን ኤምጂ ቢ ማዛወር ተገቢ ነው እላለሁ፤ የሰው ዓይን መንገዱን ማየት አለበትና። ታሪኳ ልዩ የሆነችን፣ በመጀመሪያ ሁኔታዋ የቆየችን መኪና ግን መሪዋን መንካት ሳይሆን የመንዳት ልማዳችንን ማረም ይሻላል፤ በዝግታ እንንዳት፣ መቅደሙን እንተወው። በሁለቱም መንገድ የተሠራው ሥራ ሁሉ በጽሑፍና በፎቶግራፍ ይመዝገብ፤ የወጣው ክፍል አይጣል፤ ከመሪና ከፍሬን ክፍሎች አንዱም ሥራውን ባልሠራ ሁለተኛ ዓይን ሳይመረመር ወደ መንገድ አይውጣ።

በመጨረሻም ለተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ ልተው። አንድ መኪና ማዛወር ይህን ያህል የሚያደክም ከሆነ፣ በ1956 ዓ.ም. አንድ አገር ሲዛወር ምን ሆኖ ነበር? በግራ ለሚነዳ መንገድ የተሠራ አውቶቡስ በሩ በግራ ነው፤ መንገዱ ሲገለበጥ ተሳፋሪው የሚወርደው ወደ መንገዱ መሐል ነው። በሮቹን የቀየረው ማን ነበር? የመንገድ ምልክቶቹን ያዛወረውስ? የነጂዎቹ እጅና ዓይንስ በስንት ጊዜ ለመደ? ይህን የሚያስታውሱ አረጋውያን ሾፌሮችና መካኒኮች ዛሬም በመካከላችን ይገኛሉ። የምህንድስና ታሪካችን ከመዛግብት ባልተናነሰ በእነርሱ ዘንድ አለ። ሂዱና ጠይቋቸው፤ የሰማችሁትንም ጻፉት፤ ነገ የሚጠየቅ ላይኖር ይችላልና።

 ጥያቄ ያላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።