ሐዲዱ ከከተማው በታች ሲቀር



የዛሬው ንግግራችን ስለ ምድር ባቡር ነው። ይኸውም ጭነት ስለሚጭነው ሳይሆን፥ ሰው ተሳፍሮበት ስለሚሄደው ስለ መንገደኛው ባቡር ነው። የደሴ ሰው «ባቡርና እኔን ምን አገናኘን?» ይል ይሆናል። እርግጥ ነው፥ እኛ ያደግነው በአውቶቡስ ጥሩምባ እንጂ በባቡር ፉጨት አይደለም። ነገር ግን ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ በኩል ኮምቦልቻ የደረሰው ሐዲድ፥ ከከተማችን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተዘርግቷል። ከዚያም ወደ ሐራ ገበያ ያመራል እንጂ ወደ ደሴ አይወጣም። ስለዚህ ነገሩ የእኛም ጉዳይ ሆኗል።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። አባቶቻችን በእንፋሎት ኃይል የሚሠራውን ሁሉ ባቡር ይሉት ነበር። የእህል ወፍጮው ባቡር ነው፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫም የሰርኪስ ባቡር ተባለ። በሐዲድ የሚሄደው ግን ከሌሎቹ ይለይ ዘንድ የምድር ባቡር የሚል ስም ወጣለት። የአዲስ አበባው ለገሃርም ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ትርጓሜውም ጣቢያ ማለት ነው።

ዐፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የፊተኛው አሳብ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ሐረር የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረችና። ይሁን እንጂ ተራራው አስቸጋሪ ሆነ፥ የኩባንያውም ገንዘብ አጠረ። ስለዚህ ሐዲዱ በቆላው በኩል አልፎ፥ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ላይ ደረሰ። በዚያ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ መጀመሪያም አዲስ ሐረር የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። እርሱም የዛሬው ድሬዳዋ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙው ነጋዴ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ወረደ። መጋዘኑ፥ የባቡር መጠገኛው፥ የውጭ አገር ነጋዴዎች ቤትም በታች ሆነ። የግዛቱ መንበር ግን በላይ በሐረር ቀረ። ጽሕፈት ቤቱ በአንዱ፥ ገበያው በሌላው ሆነ ማለት ነው። ወደ ቤታችን ስንመለከት፥ የዞኑ አስተዳደር በደሴ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ሐዲዱ በኮምቦልቻ ናቸው። ምሳሌውን ፍለጋ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የታላቁ ጣቢያ ሕንፃ ግን የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ፥ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ፥ አንድ ሌሊት በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ሠረገላው በማዕርግ የተከፈለ ነው። ባለሥልጣኑና የውጭ አገር ሰው ባንደኛው ማዕርግ ሲቀመጥ፥ ሦስተኛውን ማዕርግ የሚሞላው ባለ ቅርጫቱ፥ ባለ ጫቱ፥ ባለ ጨርቁ ነበር። ስለ ባቡር ታሪክ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ አንደኛው ማዕርግ ነው፤ በመንገድ ዳር ያሉትን ትንንሽ ጣቢያዎች መንደር ያደረጋቸው ግን ሦስተኛው ማዕርግ ነው። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ውኃ፥ ሻይና ፍራፍሬ የምትሸጥ ሴት ትዳሯን የምትመራው በባቡሩ ሰዓት ነበር።

ታዲያ ያ ባቡር ምን አዳከመው? አንዱ ምክንያት የኛው መንገድ ነው ብል አትደነቁ። በ1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተደረገው ውል ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ታስቦ ነበር። በውሉ መሠረት ሳይሠራ ቀርቶ፥ ኋላ በወረራው ዘመን ተሠራ። አሰብ ታላቅ ወደብ ሲሆን የጭነት መኪናው በኮምቦልቻ በኩል ጐረፈ፤ ባቡሩም ከጭነቱ ብዙውን አጣ። የመንገደኛ ባቡር ደግሞ በየትም አገር ቢሆን ወጪውን ከቲኬት ብቻ መሸፈን ይከብደዋል፤ ጭነቱ ሲቀንስ መንገደኛውም አብሮ ይጐዳል። በ1969 ዓ.ም. በተነሣው የሶማሊያ ጦርነት መስመሩ ተቋረጠ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር በጥምዝ ድልድይ ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ የነበረው ዘመን ዕቃው እያረጀ፥ ጕዞው እየተቈራረጠ የሄደበት ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገደኛ ባቡር ቀረ።

በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣንና ምቹ ነው። ነገር ግን መነሻው ለገሃር መሆኑ ቀርቶ ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ሆነ፤ የድሬዳዋውም ጣቢያ እንዲሁ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ባቡሩን ከመሳፈሩ በፊት ሌላ ጕዞ አለበት።

«ባቡር ተራራ አይወጣም» የሚል ቢኖር ስሕተት ነው። ከምጽዋ ተነሥቶ በ1904 ዓ.ም. አስመራ የገባው ባቡር 118 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል። ነገር ግን የዚያ ሐዲድ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በጠባብ ጥምዝ ሊዞር ይችል ነበር። የዛሬው ሐዲድ ሰፊ ነው፥ የሚሸከመውም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ለስላሳ ዳገትን ይሻል። ደሴን ትቶ ማለፉ ከንቀት የመጣ አይደለም።

390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዋሽ፥ ኮምቦልቻ፥ ሐራ ገበያ መስመር ውል ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የመሠረት ድንጋዩም በ2007 ዓ.ም. ተቀመጠ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ መዘግየት አንድ እንቅፋት ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስም የመስመሩ ንብረት ተዘረፈ፥ ተበላሸ። ሐዲዱ ከተነጠፈ ዓመታት ካለፉም በኋላ መደበኛ መንገደኛ ሳይጓዝበት ቆይቷል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የከተማችን ሠራተኞች፥ ባቡሩ መቼ ይመጣል ብላችሁ ስትጠይቁ፥ ሲመጣ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ በምን እንወጣለን የሚለውንም ጨምራችሁ ጠይቁ። ሐረር የቆመችው ከድሬዳዋ ጋር በመኪና መንገድ ስለ ተያያዘች ነው። ቲኬቱ በደሴ መናኸሪያም እንዲሸጥ፥ አውቶቡሱም የባቡሩን ሰዓት ጠብቆ እንዲነሣ ማድረግ፥ ሐዲድ እንደ መዘርጋት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።