ተራውን ለሚጠብቀው ሰው
(በተማሪዎች የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ገና ስላልተሠራ ሕንፃ ነው። «ያልተሠራ ነገር ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋምና አስቀድሜ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጥቀስ።

ሮናልድ ራኤልና ቨርጂኒያ ሳን ፍራቴሎ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ መምህራን አሜሪካንና ሜክሲኮን በሚለየው የብረት አጥር ላይ የሚገባ የልጆች መጫወቻ ነደፉ። መጫወቻው አንዱ ጫፍ ሲወርድ ሌላው የሚወጣ ረጅም ብረት ነው። ሐሳቡ ዐሥር ዓመት ያህል በወረቀት ቆይቶ በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. ሮዝ ቀለም የተቀቡ ሦስት መጫወቻዎች በአጥሩ ክፍተት ገቡ። የሲዩዳድ ሁዋሬዝ ልጆች በወዲያ፥ የሰንላንድ ፓርክ ልጆች በወዲህ ሆነው ተጫወቱ። ጨዋታው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ አጥሩም አልፈረሰም። ነገር ግን ወዲያ ያለው ካልወረደ ወዲህ ያለው ከፍ እንደማይል ሕፃናቱም ተመልካቹም በዓይናቸው አዩ።

ለእኛ የሚቀርበውን ምሳሌ ልጨምር። በሞያሌ መንገደኛው ቀድሞ ከአንዱ አገር ቢሮ የመውጫ፥ ከሌላው አገር ቢሮ የመግቢያ ማኅተም ያስመታ ነበር። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ጣቢያ ግን የኢትዮጵያና የኬንያ ሠራተኞች በአንድ ጣራ ሥር ሆነው፥ መንገደኛው በሚገባበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ እንዲያልፍ የታቀደ ነው። ይኸውም አስቀድሞ ሐሳብ ነበር።

እንግዲህ ከእኛ የሚፈለገው ምንድር ነው? ባለፈው ዓመት የድንበር ጣቢያ ንደፉ ተብለን ነበር። የእኔ ንድፍ ታላቅ በርና የባንዲራ ምሰሶ ነበረው። መምህሬ ተመልክተው «ሕፃን ያዘለችው እናት የት ትቀመጣለች?» ቢሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ቤቱን የነደፍሁት በዘበኛው ዓይን ነበርና።

መንግሥት ድንበሩን ማስከበር ይገባዋል፤ ማን እንደሚያልፍ የሚወስነውም ሕግ ነው። ተራውን የሚጠብቀው ሰው በፀሐይ ይቁም ወይስ በጥላ፥ ውሃ ያግኝ ወይስ ይጠማ የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ በያዘው ሰው እጅ ነው። የቦረና ሕዝብ በሁለቱም ወገን ይኖራል፤ ከብቱን ነድቶ ለሚመጣ ሰው የሚስማማ በር ለጭነት መኪና ከሚሆነው በር ይለያል።

ስለዚህ በሚመጣው መንፈቅ ጥቂቶቻችን ተሰብስበን የሞያሌን ጣቢያ ተራውን ከሚጠብቀው ሰው ጀምረን እንደ ገና እንድንነድፍ አሳስባለሁ። ንድፉ ዐሥር ዓመት በመሳቢያ ይተኛ ይሆናል። ይተኛ! ጊዜው ሲደርስ ግን የሚያወጣው ሰው አግዳሚውንም፥ ጥላውንም፥ የውሃውንም ቦታ ተስሎ ያገኘዋል።