ስንት እንቆርጣለን? ለምንስ እንቆርጣለን?

(ለንደን፣ ኬኒንግተን በተካሄደው ዓመታዊ የአባላት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ለእንጅባራና ለአካባቢዋ ችግኝ ማፍያ ገንዘብ ይመደብ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ጥቂት ቁጥሮች ላንሣ። የደን ባለሙያ አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ቁጥሩንም ያየሁት በነርስ ዓይን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አገሮች በየዓመቱ የሚቆርጡትን እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ይመዘግባል። በቅርብ ዓመታት መዝገብ ብሪታንያ በዓመት 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ትቆርጣለች። የኢትዮጵያ ቁጥር ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። በደኗ የታወቀችውን ፊንላንድን እንኳ እንበልጣለን።

ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን የፊንላንድ ግንድ አብዛኛው ጣውላና ወረቀት ይሆናል። ከእኛ ውስጥ ከመቶው ከ95 እጅ በላይ የሚሆነው ማገዶና ከሰል ነው። ይህም ቁጥር በአብዛኛው በግምት የተሰላ እንጂ አንድ በአንድ የተቆጠረ አይደለም። እናቶቻችን በጀርባቸው ያመጡትን ሸክም ማን ቆጥሮት ያውቃል?

ብሪታንያም ደኗን ጨርሳ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በደን የተሸፈነው መሬቷ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ለምሽግና ለማዕድን ጉድጓድ ድጋፍ የሚሆን እንጨት እጥረት ስላስጨነቃት እ.ኤ.አ. በ1919 የደን ኮሚሽን አቋቋመች። ዛሬ 13 በመቶ ገደማ ደርሳለች። በብዛት የተከለችው ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ሲትካ ስፕሩስ የተባለ ዛፍ ነው። እኛም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍን ከአውስትራሊያ አመጣን። ሁለታችንም የሰው አገር ዛፍ ተበድረናል። ብሪታንያ ግን ተሳስታም ተምራለች፤ በ1980ዎቹ በሰሜን ስኮትላንድ ረግረግ ላይ የተተከለው ዛፍ መሬቱን ስለጎዳ ከፊሉ ኋላ እንዲነሣ ተደርጓል።

ወደ እኛ ልመለስ። ፋግታ ለኮማን ያየ ያውቃል። ገበሬው የዲከረንስ ችግኝ ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። በዚህ ዛፍ ልጁን ያስተማረ፣ ቆርቆሮ ቤት የሠራ ብዙ ነው። የተራቆተ መሬትም ለብሶበታል። ማንም ገበሬውን ሊወቅስ አይገባም። ሆኖም በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚባል የዛፍ በሽታ ገብቶ ማሳዎችን ጎድቷል። በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲነቀዝ አብሮ ይወድቃል።

አሁን ወደ ሙያዬ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። እዚህ አገር ሳል የጠናበትን ሰው «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብለን እንጠይቃለን። የአገራችን እናቶች «ኧረ በስመ አብ! በሕይወቴ ቀምሼው አላውቅም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «እንጀራው በምን ነበር የሚጋገረው?» ያን ጊዜ የአርባ ዓመት ጭስ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ እናቴ ምጣድ ዳር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ፣ እንባው የወጉ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ለችግኙ ድምፄን እሰጣለሁ፤ በሦስት ነገሮች ግን አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ ለአንድ ዓይነት ዛፍ አይዋል። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ጥድም ይካተቱ።

ሁለተኛ፣ ከምንመድበው ግማሹ ማገዶ ቆጣቢና ጭስ የሚቀንስ ምድጃ ይግዛ። ያልነደደ እንጨት እንደ ተተከለ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ከአገር ቤት የሚላክልን ሪፖርት ስንት ተተከለ ብቻ ሳይሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንት ጸደቀ የሚለውን ይንገረን። እኛ ነርሶች ሥራችንን የምንመዝነው መድኃኒት በመስጠታችን ብቻ አይደለም፤ በሽተኛው ተነሥቶ ሲሄድ ነው።

በመጪው ዓመት እዚሁ ስንገናኝ፣ ጭስ የቀነሰበትን ቤት ቁጥር አብረን እንድናነብ እመኛለሁ።